ሲስተርን ጠይቁ፦ «ካቆመ በኋላ ነው የባሰበት»

ጥያቄ፦ ሲስተርዬ እንደምን አለሽ። የምፅፍልሽ ከኮልፌ ነው። ባለቤቴ አናፂ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው ሲባል የኖረ ሰው። ሳገባው ጫት ብቻ ነበር የሚቅመው፣ እሱንም ቅዳሜና እሁድ። ከዛ በየቀኑ ሆነ፣ ከዛ ደሞ «ጨብሲ ካልሰበርኩ (የጫቱን ምርቃና በመጠጥ ካላወረድኩ ማለቱ ነው) እንቅልፍ የሚባል የለም» እያለ ማታ ማታ ሁለት መለኪያ አረቄ ጀመረ፣ ሁለቱ አራት ሆነ፣ አራቱ ስንት እንደሆነ እሱም አያውቀው፣ አሁን ጠዋት ካልቀመሰ እጁ መዶሻ አይይዝም። ለገና ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ እግሩ ስር ወድቀን ለመንነው። በቃኝ ብሎ ማለ፣ ጠርሙሱንም ራሱ ደፋው። በማግስቱ ላብ በላብ ሆነ። በሁለተኛው ቀን ማታ ወድቆ አረፋ ደፈቀ። በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይሄዳል እያለ በመዳፉ ይጠርግ ጀመር፣ የሞተ ወንድሙን በስም እየጠራ ያወራዋል። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወስደነው ግሉኮስ ተክለው መለሱት፣ አማቴ መንፈስ ነው ብለው ፀበል ይዘውት ሊሄዱ ተነሱ። እኔ ሲጨንቀኝ አንድ መለኪያ ሰጠሁት፣ ከዛ ሌላ፣ ሲነጋጋ ጋብ አለለት። ይሄው አሁን ይጠጣል። ለምንድነው ካቆመ በኋላ የባሰበት? እኔስ በገዛ እጄ ስለሰጠሁት ኃጢአቱ የኔ ነው? ትልቋ ልጄ በር ላይ ቆማ አይታኛለች።

መልስ፦ የኔ እናት፣ ከመጨረሻው ልነሳ። ያን ሌሊት ባልሽ ሊሞት ይችል ነበር። ጋብ ያለለት የጎደለበት ነገር ስለተመለሰ ነው። ኃጢአት የሚለውን ለንስሐ አባትሽ ተዪው፣ እኔ በነርስነቴ የምነግርሽ ያደረግሽው ጭንቅ ያመጣው ነው፣ ግን ዘዴ አርገሽ አትያዢው፣ ምክንያቱም ቅዠት ውስጥ ያለ ሰው ሲጠጣ ትን ብሎት ሊቀርም ይችላል። ቀጥታ ሆስፒታል ነበር መሄድ የነበረበት።

ለምን ባሰበት ላልሽው እንዲህ አስቢው። አንድ ሰው በርን ከውጪ በኃይል ይገፋል፣ ሌላው ከውስጥ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ይዟል። የውጪው ድንገት ሲለቅ የውስጡ በበሩ ተወርውሮ ነው የሚወጣው። አልኮል አእምሮን ያደነዝዛል፣ አእምሮ ደሞ ዓመት ሙሉ ድንዛዜውን ለመቋቋም ሲገፋ ኖሮ አልኮሉ አንድ ቀን ድርግም ሲል መብረጃ ያጣል። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ 6 ሰዓት ገደማ ሲያልፍ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ደሞ ቅዠቱ፣ ጉንዳኑ፣ የሞተ ሰው ማነጋገሩ። ባልሽ አንዱንም ሳይዘል ነው ያለፈበት። እኔ ዋርድ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ በባዶ ጣቱ ክር ምራቅ እያስነካ የሌለ መርፌ ውስጥ ሊያስገባ ሲታገል ነው ያነጋው፣ «እንቢ አለኝ እኮ ሲስተር፣ መብራቱን ቅረቢልኝ» ይለኛል። በአራተኛው ቀን እንቅልፍ ወሰደው፣ ሲነቃ አንዱንም አያስታውስም፣ የጠየቀኝ ቁርስ ነበር።

ስለዚህ አማትሽ መንፈስ ቢሏቸው አይፈረድባቸውም፣ ላየው ሰው ሌላ ምን ይመስላል። እኔም የማርያም ፀበል እጠመቃለሁ። ግን በነዛ አራት ቀናት ውስጥ በባዶ ሆዱ፣ በብርድ፣ ሐኪም በሌለበት ቦታ ሲጥለው ድንጋይ ላይ ነው የሚወድቀው። ለእሳቸው እንዲህ በያቸው፦ እማማ መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ሲረጋጋ አብረን ፀበል እንወስደዋለን። እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

የግሉኮሷን ነገር ደሞ ሳልናገር አላልፍም። እኛ ሀገር ሰው ትንሽ ደከመው ሲባል ግሉኮስ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጉዳት የለውም። ብዙ ዓመት የጠጣና በቅጡ የማይበላ ሰው ሰውነት ውስጥ ግን ቫይታሚን ቢ1 የሚባለው ያልቃል፣ ያ ሳይሰጠው ስኳር ብቻ ሲገባበት ያለችውንም ጨርሶ አእምሮውን ሊጎዳው ይችላል፣ ሰውየው ዓይኑ ይዋልላል፣ አካሄዱ ይጠፋበታል፣ ትናንት የሆነውን መያዝ ያቅተዋል፣ ይሄ ደሞ ተመልሶ የማይድንበት ጊዜ አለ። የትም ክሊኒክ ስትገቡ «ይጠጣል፣ ቢ1 ቀድሞ ይሰጠው» ማለት አትፈሪ። ቅር ይበላቸው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ። ሁለተኛ ቤት ውስጥ አስምላችሁ አታስቁሙት፣ አንዴ የወደቀ ሰው በሚቀጥለው ሲያቆም ሊብስበት ይችላል። አሁን ቅዠት ውስጥ ስላልሆነ ሐኪም ጋ እስኪደርስ በድንገት አያቁም፣ እየጠጣ ይሂድ። ያስቃል አውቃለሁ ግን እንደዛ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለናንተ ሰፈር ቅርብ ነው፣ ጳውሎስም የሱስ ህክምና አለ። በጠዋት ሂዱ፣ ስትሄዱ ደሞ ሦስት ነገር ያዥ፦ መጨረሻ የጠጣበትን ሰዓት፣ መውደቁን፣ የአረቄውን ዓይነት። «አራት መለኪያ» ብቻ ብትይ ለሐኪሙ ብዙም አይነግረውም፣ ተራው አረቄ የአልኮል መጠኑ ከ22 እስከ 28 በመቶ ገደማ ነው፣ ዳግም የሚባለው ግን ሁለቴ ስለሚወጣ 45 ይደርሳል፣ አራቱ ዳግም ከሆነ ሰባት ተራ ገደማ ጠጣ ማለት ነው። እዛ ዲያዜፓም ሰጥተው ለተወሰኑ ቀናት እየቀነሱ ያወርዱታል፣ በሩን ከውጪ የያዘው ሰው ቀስ ብሎ እንዲለቅ ማለት ነው። እሷን ክኒን ግን ከፋርማሲ ገዝተሽ ራስሽ እንዳትሰጪው፣ ከአረቄ ጋር ከተገናኘች ትንፋሽ ልታቆም ትችላለች፣ ራሷም ሱስ ናት።

ከዛ በኋላ ነው ዋናው። ደብዳቤሽን ስታነቢው አረቄውን ማን እንዳመጣው ራስሽ ፅፈሽዋል። ጫቱ ነው። ቀን በርጫ (ጫት መቃሚያው) ላይ ይመረቅናል፣ ማታ ምርቃናው አልወርድ ሲለው ማውረጃ ይፈልጋል፣ ማውረጃው አረቄ ነው፣ ጠዋት የዞረ ድምሩን ለማባረር ደሞ ጫት። ሐኪም ቤት አረቄውን አስጥለው ሲልኩት እሱ «ጫት ብቻ ነው እኮ» ብሎ ወደ በርጫው ከተመለሰ ሳምንት ሳይሞላው ጨብሲ ሰባሪው አረቄ ቤት ታገኚዋለሽ፣ አስር ጊዜ አይቼዋለሁ። ሁለቱም አብረው ነው የሚቀሩት። ጫት ሲቆም እንደ አረቄው አይጥልም፣ ሀራራው፣ ድብርቱና የሌሊት ዱካኩ (ቅዠቱ) ግን አለ፣ ለተወሰነ ጊዜ ነጭናጫ ይሆናል፣ ቻዪው። የስራ ጓደኞቹንም አንድ በያቸው። የቀን ሂሳብ አረቄ ቤት ቁጭ ብሎ የሚከፈልበት ሳይት ላይ የሚሰራ አናፂ አልጠጣም ማለት ክፍያዬን አልፈልግም እንደማለት ነው የሚሆንበት፣ ፎርማኑ ደመወዙን በስልክ ይላክለት፣ በቴሌብርም በባንክም።

ልጅሽን ደሞ አስቀምጪና አባትሽ ታሞ ነበር፣ እኔም ጨንቆኝ ነው፣ አሁን ሐኪም ጋ እንወስደዋለን በያት። በር ላይ ቆማ ያየችውን እሷ ራሷ ከምትተረጉመው ያንቺ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሲስተር ሰላም ነው? ካምፓስ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመት። ፋይናል ሲደርስ ዶርም ውስጥ ሁሉም ይቅማል፣ እኔም ስቅም 30 ገፅ በአንዴ ነው የማነበው። ሲነጋ ግን ባዶ ነኝ። ጫቱ ጥሩ ስላልሆነ ነው?

መልስ፦ ጫቱማ ጥሩ ነው ወንድሜ፣ ስለሰራ እኮ ነው ያልተኛኸው። ያነበብከው ነገር አእምሮ ውስጥ የሚቀመጠው ተኝተህ ነው፣ አንተ ደሞ እቃውን ተቀብለህ መጋዘኑን ዘጋኸው። ድሮ ሐረርና ወሎ ሽማግሌዎች ለዱአ ሌሊቱን ለመንቃት ይቅሙ ነበር፣ በማግስቱ ግን ማንም ካልኩለስ አይፈትናቸውም። ምርቃና ላይ ሁሉም የገባህ ይመስልሃል፣ ስንቱ በምርቃና ፎቅ ሰርቶ ጠዋት የቤት ኪራይ የሚከፍለው አጥቷል።

ትኩስ ጫት ፍለጋ መንከራተታችሁንም አውቃለሁ፣ ካቲኖን የሚባለው ዋናው ንጥረ ነገር ከተቆረጠ በኋላ በ48 ሰዓት ገደማ ውስጥ ስለሚዳከም ነው፣ በኮባ የሚጠቀለለውም ለዛ፣ ጫት ጫኝ አይሱዙ እንደዛ የሚከንፈውና ሰው «አልቃይዳ» ያለውም ለዛ። በዛ መንገድ ላይ የሚያልቀውን ሰው ማንም በጫት ሂሳብ አይቆጥረውም፣ ይሄ የኔ ንዴት ነው። ለፈተናህ ግን 10 ገፅ አንብበህ ለ6 ሰዓት ያህል ተኛ። ማታ ማውረጃ ድራፍት ከጀመርክ ደሞ ከላይ ያለውን የኮልፌዋን እህት ደብዳቤ ድገመው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ስር ግሮሰሪ አለኝ። አንድ የ16 ዓመት ልጅ በየማታው ይመጣና አባቴ ልኮኝ ነው ሁለት ቢራ ስጪኝ ይለኛል። አባቱን አውቀዋለሁ፣ ደንበኛዬ ነው፣ እንዳይቀየመኝ ብዬ እሰጠዋለሁ። ጥፋት አለው?

መልስ፦ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በራዲዮና በቲቪ የአልኮል ማስታወቂያን ከለከለ ብለን ስናወራ ሌላውን ረሳነው፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥም ክልክል ነው፣ ልጁ ተላከም አልተላከም ብሩን የተቀበልሽው ከሱ እጅ ነው። ሁለቱን ቢራ ማን እንደሚጠጣቸውስ አይተሻል? ለአባትየው ደውይለት፣ ሁለት ቢራ አስቀምጬልሃለሁ፣ ወረድ በልና ውሰድ በይው።