የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መዞሪያ የት ነበር?

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤት የተማርነው፣ በ1944 እ.ኤ.አ. የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር ኖርማንዲ ላይ ከባሕር ወርዶ ጀርመንን እንዳንበረከከ ነው። ታላቅ ወንድሜ ግን ጦርነቱ የተወሰነው ስታሊንግራድ ላይ ነው ብሎ ይሟገተኛል። ማናችን ነን ልክ? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ወንድምዎ ለእውነቱ ይበልጥ ቀርበዋል ብለን እናምናለን። ምክንያታችን ግን ስታሊንግራድ ላይ የወደቀው ሰው ብዛት ብቻ አይደለም። አንድን ውጊያ የጦርነት መዞሪያ የሚያሰኘው፣ የተሸነፈው ወገን ያጣውን ሠራዊትና መሣሪያ መተካት ሲያቅተውና ቀጣዩ ውጊያ የትና መቼ እንደሚሆን የመወሰን ዕድል ከእጁ ሲወጣ ነው። በዚህ መለኪያ ካየነው ነገሩ የሚጀምረው ከስታሊንግራድም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሞስኮ ደጃፍ ነው። (በዚህ ዓምድ የምንጠቅሳቸው ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርመን ጁን 22 ቀን 1941 ሶቪየት ኅብረትን ስትወር፣ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ወታደር ከባልቲክ ባሕር እስከ ጥቁር ባሕር በተዘረጋ ግንባር ያሰለፈችው ጦርነቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ያልቃል በሚል ስሌት ነበር። ዕቅዱ በሙሉ የቆመው በፍጥነት ላይ ስለነበረ፣ ለረጅም ጦርነት የሚበቃ ነዳጅና መለዋወጫም ሆነ ለበረዶው ወራት የሚሆን ልብስ በበቂ ሁኔታ አልተሰናዳም። የጀርመን ሠራዊት ኪየቭ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሶቪየት ወታደሮችን ማረከ፤ ሌኒንግራድን ከበበ፤ በዲሴምበር መጀመሪያ ላይም ሞስኮ ዳርቻ ደረሰ። ይሁን እንጂ እዚያ የደረሰው ከደጀኑ እጅግ ርቆ፣ ዝሎና ተመናምኖ ነበር። ዲሴምበር 5 እና 6 በጄኔራል ጁኮቭ አዛዥነት የተጀመረው መልሶ ማጥቃት ከከተማዋ አርቆ ገፋው። በዚያው ሳምንት፣ ዲሴምበር 7፣ ጃፓን ፐርል ሐርበርን ደበደበች፤ ዲሴምበር 11 ደግሞ ሂትለር በአሜሪካ ላይ ጦርነት አወጀ። እንግዲህ ጀርመን በአጭር ጊዜ የማሸነፍ ተስፋዋ በተሰበረበት ሳምንት፣ በኢንዱስትሪ ከዓለም አንደኛ ከነበረችው አገር ጋር ረጅም ጦርነት ውስጥ ገባች ማለት ነው። ይህ ሳምንት በብዙ መጻሕፍት ከሚሰጠው ቦታ የበለጠ ይገባዋል የሚል ጽኑ እምነት አለን።

በ1942 በጋ ጀርመን በመላው ግንባር የማጥቃት አቅም ስላልነበራት ኃይሏን በደቡብ በኩል አሰባሰበች። የፈለገችው የካውካሰስን ነዳጅ፣ ማለትም ማይኮፕን፣ ግሮዝኒንና ባኩን ነበር። ቮልጋ ወንዝ ዳር የምትገኘው ስታሊንግራድ በዕቅዱ መጀመሪያ ላይ የዚህ ዘመቻ የጎን መከላከያ እንጂ ዋና ግብ አልነበረችም። ኦገስት 23 ከተማዋ ከአየር ተደብድባ ከነደደች በኋላ ግን የጀርመኑ ጄኔራል ፓውሎስ 6ኛ ጦርና የሶቪየቱ ጄኔራል ቹይኮቭ 62ኛ ጦር በፋብሪካ ፍርስራሽ፣ በምድር ቤትና በደረጃ ላይ ሳይቀር ለወራት ተናነቁ። ቹይኮቭ ወታደሮቹን ሆን ብሎ ከጀርመኖች ምሽግ እጅግ አቅርቦ ያዋጋ ስለነበር፣ የጀርመን አውሮፕላኖች የራሳቸውን ሰው እንዳይመቱ እየሰጉ ቦምብ ለመጣል ይቸገሩ ነበር። ከተማዋን የያዙት የሶቪየት ወታደሮች የጀርመንን ምርጥ ሠራዊት እዚያው ቸክለው ሲያቆዩት፣ ከወንዙ ማዶና ከሰሜን በኩል ሌላ ግዙፍ ኃይል በጸጥታ ይሰባሰብ ነበር። ያ ኃይል ኖቬምበር 19 የመታው ጀርመኖችን ሳይሆን ጎናቸውን እንዲጠብቁ የተመደቡትንና ፀረ ታንክ መሣሪያ ያጠራቸውን የሩማንያ ጦሮች ነበር። ኖቬምበር 23 ከሰሜንና ከደቡብ የመጡት ክንዶች ካላች አካባቢ ሲገናኙ፣ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው በቀለበቱ ውስጥ ቀረ። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1943 የመጨረሻዎቹ እጃቸውን ሲሰጡ የተማረኩት ወደ 91 ሺህ ይደርሱ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ወደ አገራቸው የተመለሱት ከአምስት እስከ ስድስት ሺህ የሚሆኑት ብቻ ናቸው።

በዚሁ ዘመን የጦርነቱ መልክ በሌሎች ግንባሮችም ተለውጧል። ጁን 4 ቀን 1942 በሚድዌይ ደሴት አቅራቢያ በተጀመረው ውጊያ ጃፓን አራት አውሮፕላን ጫኝ መርከቦች ሰጥመውባታል፤ አሜሪካኖች የጃፓንን ምሥጢራዊ መልእክት አስቀድመው ፈትተው ስለነበር መርከቦቻቸውን አድፍጠው ጠብቀዋል። የመርከቦቹን ያህል የከበደው የሠለጠኑት አብራሪዎችና ጠጋኞች መሞት ነበር፤ እነርሱን ማፍራት ዓመታት ይጠይቃል። በሰሜን አፍሪካ የእንግሊዙ ጄኔራል ሞንትጎመሪ ጦር ከኦክቶበር 23 እስከ ኖቬምበር 4 ድረስ ኤል አላሜን ላይ የጀርመኑን አዛዥ ሮሜልን ሰበረ። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ጀርመን በሜይ 1943 ብቻ ወደ አርባ የሚጠጉ ሰርጓጅ መርከቦች ስለጠፉባት የቀሩትን ከመርከቦቹ መስመር ላይ ለጊዜው አነሳች። ያ ባይሆን ኖሮ ለኖርማንዲ የሚያስፈልገውን ሠራዊትና ስንቅ እንግሊዝ ላይ ማከማቸት ባልተቻለም ነበር።

ወደ ኖርማንዲ ስንመጣ፣ ጁን 6 ቀን 1944 የተደረገው ወረራ ታላቅ የጦርነት ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም፤ እዚያ የወደቁትም ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን በዚያን ቀን ጀርመን በምሥራቅ ግንባር ለሦስት ዓመት ያህል ደም ስታፈስ ቆይታ ነበር። ከኩርስክ ውጊያ፣ ማለትም ከጁላይ 1943 በኋላ፣ በምሥራቅ የማጥቃቱን ቀዳሚነት መልሳ አልያዘችም። የኖርማንዲ ወረራ ከተጀመረ ከሁለት ሳምንት ጥቂት አልፎ፣ ጁን 22፣ ሶቪየቶች በቤላሩስ የከፈቱት የባግራሽን ዘመቻ የጀርመንን ማዕከላዊ የጦር ስብስብ ደመሰሰ። ስለዚህ ኖርማንዲ የጦርነቱን ፍጻሜ አፋጥኗል፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ምዕራብ አውሮፓ በማን እጅ እንደሚገኝም ወስኗል። ማን እንደሚያሸንፍ ግን ከዚያ በፊት ታውቆ ነበር። ለዚህ ውጤት ሶቪየት ኅብረት ወደ 27 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝቧን እንዳጣች ሳያነሱ ስለ ጦርነቱ መዞሪያ መከራከር ተገቢ አይመስለንም።

ጥያቄ፦ ፓውሎስ መከበቡን እያወቀ ሰብሮ ያልወጣው ለምንድን ነው? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሂትለር ስለከለከለው ነው፤ ክልከላውም ከእልህ ብቻ የመነጨ አልነበረም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ዴምያንስክ በተባለ ቦታ ተከብቦ የነበረ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ የጀርመን ጦር በአየር ስንቅ እየወረደለት ለወራት ቆይቶ ነበር። የአየር ኃይሉ አዛዥ ጎሪንግ ይህንኑ ስታሊንግራድ ላይ ለመድገም ቃል ገባ። ለ6ኛው ጦር በቀን ቢያንስ 300 ቶን ስንቅና ትጥቅ ያስፈልግ ነበር፤ የደረሰው በአማካይ የዚህን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ሂትለር ኖቬምበር 8 ሙኒክ ላይ ባደረገው ንግግር ከተማዋ ተይዛለች ለማለት ምንም እንዳልቀረው ለሕዝቡ ተናግሮ ስለነበር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቃችሁ ውጡ ማለት ለእርሱ ውርደት ነበር።

የፓውሎስም ኃላፊነት ቀላል አይደለም። ሌላው የጀርመን የጦር አዛዥ ማንሽታይን በዲሴምበር አጋማሽ ከውጭ በኩል ከበባውን ለመስበር እየገፋ ወደ እርሱ ሲቃረብ፣ ያለ ሂትለር ትእዛዝ ለመንቀሳቀስ አልደፈረም። ሆኖም በዚያን ጊዜ ታንኮቹ ነዳጅ አልነበራቸውም፤ ከባድ መሣሪያ የሚጎትቱት ፈረሶችም አብዛኞቹ ለበረዶው ወራት አስቀድመው ወደ ኋላ ተልከው ነበር። ሰብሮ የመውጣት ዕድሉ ጠባብ ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም፤ የተሻለው ጊዜ ከበባው በተዘጋበት ሳምንት አልፎ ነበር።

ጥያቄ፦ የዓለም ጦርነት ታሪክ ሲነሣ የእኛ አካባቢ ውጊያዎች አይጠቀሱም። ከረን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቦታ ይገባዋል? (አንባቢ፣ ከዋሽንግተን)

መልስ፦ ከስታሊንግራድ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም፤ ነገር ግን ሊዘለልም አይገባም። ከረን ላይ ጣልያኖች ወደ አሥመራ የሚያወጣውን የዶንጎላስን ገደል መንገድ አፈራርሰው፣ ከበላዩ ያሉትን ተራሮች ይዘው ጠበቁ። ከፌብሩዋሪ 1941 መጀመሪያ ጀምሮ በጄኔራል ፕላት የሚመሩት የእንግሊዝና የህንድ ወታደሮች ደጋግመው ወጡ፣ ደጋግመውም ተመለሱ። ማርች 15 እንደገና አጥቅተው በመጨረሻ ማርች 27 ከተማዋን ያዙ። በጣልያን በኩል የተዋጉት ብዙዎች የኤርትራ ወታደሮች እንደነበሩ፣ ጽናታቸውንም ጠላቶቻቸው እንደመሰከሩላቸው መዘንጋት የለበትም። ለዚህ ድል ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ዓመት ሙሉ የተዋጉት አርበኞች ድርሻ አላቸው፤ በጎጃም፣ በሸዋና በበጌምድር ጣልያን መንገድና ምሽግ ለመጠበቅ የበተነውን ሠራዊት ወደ ከረን አንሥቶ መውሰድ አይችልም ነበርና።

የከረን ትልቁ ውጤት የታየው በባሕር ላይ ነው። አፕሪል 8 ምጽዋ ተያዘ፤ በሦስተኛው ቀን፣ አፕሪል 11፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕር ከእንግዲህ የጦርነት ቀጣና አይደለም ብለው አወጁ። በገለልተኝነት ሕጉ ምክንያት ወደዚያ እንዳይሄዱ ተከልክለው የነበሩት የአሜሪካ የጭነት መርከቦች ከዚያ በኋላ የጦር መሣሪያ ይዘው በቀጥታ እስከ ስዊዝ መድረስ ቻሉ። በ1942 በጋ ቶብሩክ ከወደቀች በኋላ አሜሪካ ለእንግሊዞች የላከቻቸው ወደ 300 የሚጠጉ የሸርማን ታንኮችም የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞረው በዚሁ በቀይ ባሕር በኩል ስዊዝ ደርሰዋል፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ኤል አላሜን ላይ ተሰልፈዋል።