ማስክ ያለቀ ቀን፦ በችግር ሰዓት ዋጋ ስለመጨመር ለወጣቶች

ልጆች እንዴት ናችሁ፣ በፋርማሲ ሙያ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፣ አብዛኛውንም ከመደርደሪያ ፊት ቆሜ ነው ያሳለፍኩት። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ መድሀኒት አይደለም፣ ስለ ዋጋ ነው። አዲስ ንግድ የጀመራችሁ፣ በቴሌግራም እቃ የምትሸጡ፣ ቤት የምታከራዩም ካላችሁ እስቲ አንዴ ስሙኝ።

መጋቢት 4 2012 አርብ ቀን ነበር የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ የተባለው። በማግስቱ ስከፍት ሰው በር ላይ ተሰልፎ ጠበቀኝ፣ ማስክ አለ? ሳኒታይዘር አለ? አልኮልስ? ውጪ ደግሞ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር ዋጋው ተሰቅሏል። እኔ ጋ የነበረው በድሮ ዋጋ የገዛሁት ጥቂት ፓኬት ማስክ ነው። አንድ ሰውዬ ሰልፉን አልፎ መጣና ያለህን ሁሉ ስጠኝ፣ ዋጋውን አንተ ጥራ አለኝ። ከሱ ኋላ ቲቢ የታመመ ልጇን የምታስታምም አንዲት ደንበኛዬ ቆማለች። ለአንድ ሰው ከ5 ፍሬ በላይ አልሸጥም ብዬ በድሮው ዋጋ ሸጥኩ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ።

ኢኮኖሚክስ የተማሩ ልጆች ይሄን ስነግራቸው ተሳስተሃል ጋሼ ይሉኛል። ዋጋ ሲጨምር የማያስፈልገው ሰው ይተወዋል፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ እቃም ወደ ገበያው ይመጣል ነው የሚሉት። ውሸት አይደለም። በ2003 መንግስት ዘይትና ስኳር ጨምሮ ብዙ እቃ ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲያወጣ የሆነውን እኛ አይተናል፣ ዘይቱ ከሱቅ ጠፋ፣ ስኳር በሰልፍና በትውውቅ ሆነ፣ ወራት ሳይቆይ ጣሪያው ከአብዛኛው እቃ ላይ ተነሳ። እቃው ለነጋዴው ከሚሸጥበት በላይ እያስወጣው ዝም ብለህ በዚህ ሽጥ ካልከው አያመጣውም፣ በቃ።

ግን ያችን ቅዳሜ አስቡት። ማስክ የሚመጣው ከውጪ ነው፣ አለም በሙሉ ደግሞ ያኔ ማስክ ፍለጋ ላይ ነበር፣ እኔ ዋጋውን አስር እጥፍ ባደርገው እስከ ማታ አንድ ፍሬ አይጨምርም። ስለዚህ የጨመርኩት ብር እቃ አያመጣም፣ ከሰው ኪስ ወደኔ ኪስ መዞር ብቻ ነው። የማያስፈልገው ይተወዋል የሚባለውም እዚህ ጋ አይሰራም፣ ትታ የምትሄደው ያቺ እናት ናት፣ ሰውዬውማ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉ ፋብሪካዎች ማስክ መስፋት ጀመሩ፣ የሰፈር ልብስ ሰፊውም በጨርቅ ሰፋ፣ ያኔ ዋጋው የሰሪውን ወጪና ድካም መሸፈን አለበት፣ አልከራከርም። ልዩነቱ ይሄ ነው ልጆች፣ የምትጨምሩት ብር እቃ ይጠራል ወይስ አይጠራም ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ተስማምቶ ነው የገዛው፣ ማን አስገደደው የሚል ክርክርም አለ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? የሱ መስማማት እኮ አማራጭ ማጣት ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. የስነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ሁለት ባልደረቦቹ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሰዎችን ጠይቀው ነበር፣ አንድ ሱቅ 15 ዶላር የሚሸጠውን የበረዶ አካፋ ትልቅ በረዶ በጣለ ማግስት 20 ቢያደርገው እንዴት ታዩታላችሁ ብለው፣ 82 በመቶው ልክ አይደለም አለ። አምስት ዶላር ናት እኮ! መርካቶ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ደግሞ ይሄን በሃይማኖታቸው ነበር የሚያስረዱኝ፣ ነብዩ መሐመድ ዋጋ ይተምኑልን ሲባሉ እምቢ ብለዋል፣ እቃ ደብቆ ውድነት መጠበቅን ግን አውግዘዋል ይሉኝ ነበር። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው፣ እኔም እድሜ ልኬን ስሰራ የደረስኩበት እዛው ነው።

ህጉስ ካላችሁ፣ ካሊፎርኒያ የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ከበፊቱ ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ መጨመር ክልክል ነው፣ ነጋዴው ግን እቃው ራሱ እንደተወደደበት ካሳየ ወጪውን አስቦ መሸጥ ይችላል። ይሄ ለኔ ጥሩ ህግ ነው፣ ቁጥሩ ይታወቃል፣ ወጪም ይታያል። እኛም ጋ በ2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቤት ኪራይ መጨመርና ተከራይ ማስወጣት ተከልክሎ ነበር፣ እሱን በጣም ነው የደገፍኩት፣ በዛ ሰዓት ሰው ቤት ፈልጎ የት ይሄዳል። የሚያናድደኝ ዋጋ ጨመረ ተብሎ ሱቅ ማሸጉ ነው። እቃ በጠፋበት ሰዓት ሱቅ ስታሽግ ውስጥ ያለውንም እቃ አብረህ ነው የምታሽገው፣ ቅጣቱ ለሰልፈኛውም ይደርሳል፣ ቅጡትና ይሽጥ።

ሌላው ደሞ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከላይ ነው የሚጀምረው። ማስኩ ካለቀብኝ በኋላ አንድ ጅምላ ሻጭ ደውሎ ፓኬቱን ስሰማው የደነገጥኩበትን ዋጋ ነገረኝ፣ ደረሰኙን ግን በድሮው ዋጋ ነው የምቆርጥልህ አለ። ገባችሁ? እኔ በዛ ገዝቼ ትንሽ አትርፌ ብሸጥ ተቆጣጣሪ ሲመጣ በወረቀት ላይ ዘራፊው እኔ ነኝ፣ እሱ ንፁህ ነው። ተውኩት፣ ሶስት ቀን ማስክ የለም እያልኩ ሰው መለስኩ፣ ያቺ እናት ሁለተኛ ስትመጣም የለም ነው ያልኳት፣ እስካሁን ትክክል መሆኔን እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ የሙያ ጓደኛዬ ግን ገዛ፣ ሱቁ ታሸገ።

ስለዚህ ከከፈላችሁት ብር ጋር የማይገጥም ደረሰኝ አትቀበሉ፣ የተቀበላችሁትንም አታስቀምጡት መስታወቱ ላይ ለጥፉት፣ ሰው ይህን ያህል ገዝቶ ይህን ያህል አተረፈ ብሎ ያንብብ። የትርፍ መቶኛችሁን በደህናው ቀን ወስኑና ፃፉት፣ በችግር ቀን ሰልፍ እያየ የሚወስን ሰው ራሱን ማመን የለበትም። ለአንድ ሰው ስንት እንደምትሸጡም ከመክፈታችሁ በፊት በር ላይ ይለጠፍ፣ ያኔ ሰልፉን አልፎ የሚመጣው ሰውዬ ከናንተ ጋር ሳይሆን ከወረቀቱ ጋር ይከራከራል።