ላይክሊን «ምናልባት» ብላችሁ አትለፉት

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሪፖርት የምትጽፍ አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ የእንግሊዝኛው ላይክሊ (likely) ማለት ምናልባት ማለት ነው አይደል?» አለችኝ። አይደለም አልኳት፣ ግን ጥያቄዋ ሲከነክነኝ አደረ።

ደሴ ወጣት የግብርና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ የበልግ ትንበያ በእንግሊዝኛ ይመጣልን ነበር። ትንበያው ዝናቡን ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ብሎ ሦስት ቦታ ይከፍልና ለየአንዳንዱ ፐርሰንት ይሰጣል። አንድ ዓመት «ከመደበኛ በላይ የመሆኑ ነገር የበለጠ ላይክሊ ነው» የሚል መጣ፣ ፐርሰንቱ ግን ግማሽም አይሞላ። ይሄ ወረቀት ከአለቃ አለቃ ሲተረጎም ሲተረጎም ኩታበር ስብሰባ ላይ ስንደርስ «ዘንድሮ በልጉ ጥሩ ነው» ሆኖ ቁጭ አለ። ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ አባት ተነሱና «ልጆቼ፣ ይዘንባል ነው የምትሉን ወይስ ሳይዘንብ አይቀርም?» ብለው ጠየቁ። የቡድናችን ሰው «ይዘንባል አባባ፣ አብሽር» አላቸው። ወረቀቱ እኛ እጅ ላይ ነበር እኮ! ሰዉ ያለ የሌለ የገብስ ዘሩን ዘራ፣ ትንሽ ዘነበና በቀለ፣ ከዛ ቀጥ አለ፣ ቡቃያው እዛው ደረቀ። በኋላ እኒያን አባት ሰኞ ገበያ በግ ሲሸጡ አገኘኋቸው፣ ዘር ሊገዙበት ነው፣ ቤተሰቤን አንድ በአንድ ጠይቀው ሰላም አሉኝ እንጂ ስለ ዝናቡ ቃል አልተነፈሱም። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

እሳቸው እንግሊዝኛ ሳይማሩ ቃሉን በትክክል ይዘውት ነበር። ላይክሊ ማለት «ሳይሆን አይቀርም» ነው፣ ከምናልባት ይከብዳል፣ ከእርግጠኛነት ያንሳል። የአየር ንብረት ሳይንቲስቶቹ፣ አይፒሲሲ የሚባሉት፣ ሪፖርታቸው ላይ ላይክሊ ሲሉ ቢያንስ 66 ፐርሰንት፣ ቨሪ ላይክሊ ሲሉ ቢያንስ 90 ፐርሰንት ማለታቸው እንደሆነ ጽፈው አስቀምጠዋል። ያኔ የኛው ወረቀት «የበለጠ ላይክሊ» ያለው ግን ከሦስቱ ይሄኛው ይበልጣል ለማለት ብቻ ነበር፣ ስለዚህ ቃሉን ስታዩ ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ፈልጉ።

የዛሬ ልጆች እንግሊዝኛችሁ ከኛ ይፈጥናል፣ ፊልሙን ሳይተረጎም ታያላችሁ፣ አማርኛው ላይ ግን ትቸኩላላችሁ፣ ስልኩ የሰጣችሁን ለጥፋችሁ ትሄዳላችሁ። ሰዋስው ላይ አትሙቱ እላለሁ ሁሌ፣ ይቺን ግን ያዙልኝ፦ «ሂ ኢዝ ላይክሊ ቱ ከም» ይባላል፣ በትርጉም የሚቀርበውን ፕሮባብሊን (probably) እዛ ቦታ አትተኩት፣ እሱ «ሂ ዊል ፕሮባብሊ ከም» ነው የሚለው።

ልጅቷንም ሪፖርትሽ ላይ ፐርሰንቱ ካለሽ ከቃሉ ጎን ጻፊው፣ ስትተረጉሚም አብሮ ይሂድ አልኳት።