«ልጄን ብጎዳውስ?» የምትል እናት

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከወለደች አራት ወር ሆናት። ቢላዎቹን በሙሉ ሸሽጋለች። አንድ ሌሊት እያለቀሰች «ልጁን ብወጋውስ የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በቀን ሃያ ጊዜ «ምንም አላደርገውም አይደል?» ትለኛለች። አሁን ደግሞ ምግብ አልበላ ብላለች፤ «ያለ እኔ ይሻላችኋል» ማለትም ጀምራለች። እናቴ ጸበል ትግባ ትላለች። ልጁን ከእሷ ልለየው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ቃሏ ልጀምር። «ያለ እኔ ይሻላችኋል» ያለችህን እንደ ተራ ብሶት አትለፈው። ዛሬውኑ «ራስሽን ስለማጥፋት አስበሻል?» ብለህ በግልጽ ጠይቃት። መጠየቅህ ሐሳቡን አያመጣባትም። አዎ ካለችህ ብቻዋን አትተዋት፤ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት። ድምፅ ይሰማኛል ካለች፣ ስለ ልጁ እንግዳ እምነት ከያዘች ወይም ንግግሯ ከተዘበራረቀም እንደዚያው አድርግ።

የነገርከኝ ብቻ ከሆነ ግን የምትገልጸው ኦሲዲ የሚባለውን ሕመም ይመስላል፤ ያልተፈለገ ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበት፣ ሰውም ጭንቀቱን ለማቅለል አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያደርግበት ሕመም ነው። ሐሳቡ እሷን ራሷን ያስደነግጣታል። ቢላ የምትሸሽገውም ለዚህ ነው። ባለሙያ አይቶ ያረጋግጥ እንጂ፣ በኦሲዲ የሚመጣ እንዲህ ያለ ሐሳብ እናትን አደገኛ አያደርጋትም። ልጁን ብትለይባት «እውነትም አደገኛ ነኝ» ብላ ታምናለች።

ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ላይ፣ ከተጠየቁት አዲስ እናቶች ግማሽ ያህሉ ሕፃኑን ሆን ብሎ የመጉዳት ሐሳብ ሳይፈልጉት መጥቶባቸው እንደነበር ተናግረዋል። ብዙ እናት «ምን ነካኝ!» ብላ ታልፈዋለች። ባለቤትህ ማለፍ አልቻለችም። ማሰቡን እንደ ማድረግ ቆጠረችው። ጸጸት ከጥፋት በኋላ የሚመጣ ነገር ነበር፤ እሷ ጋ ግን ምንም ሳታጠፋ መጣ። ይባስ ብሎ ጸጸቱ ራሱ ማስረጃ ሆነባት፦ «እንዲህ የሚያስጨንቀኝ የሆነ ክፋት ቢኖርብኝ ነው»። ስለዚህ ትሸሽጋለች፣ ትጠይቅሃለች። ስትመልስላት እፎይ ትላለች። ቡናው ፈልቶ ሳይወርድ ደግሞ ትጠይቅሃለች።

ምግብ አልበላ ማለቷና «ያለ እኔ ይሻላችኋል» ማለቷ ግን ድባቴም (ዲፕሬሽን) ተጨምሮባት ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። የድባቴ ጸጸት ጠባዩ ይለያል። የኦሲዲው «ብሆንስ?» እያለ ይጠይቃል። የድባቴው አይጠይቅም፣ ይፈርዳል፦ «መጥፎ እናት ነኝ፣ አለቀ»። ወራት ሙሉ ራሷን ስትከስ የከረመች ሴት በስተመጨረሻ ክሱን አምና ብትቀበል አይገርመኝም። ልቤን የሚነካኝ ደግሞ ልጇን እንዲህ ስለምትወድ ነው ሕመሙ በዚሁ በኩል የገባባት።

«አታደርጊውም» የሚለው መልስህ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ሕመሙን ይመግበዋል። በድንገት አታቋርጠው። መጀመሪያ ተነጋገሩ፣ ተስማሙ። ከዚያ ስትጠይቅህ «ይሄ የኦሲዲው ጥያቄ ነው፤ አልመልስለትም፤ እኔ ግን አጠገብሽ ነኝ» በላት። የሥነ ልቦና ሕክምናውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ባለሙያ እየረዳት የምትፈራውን ቀስ በቀስ ትለማመዳለች፤ ቢላዎቹም አንድ በአንድ ወደ ኩሽና ይመለሳሉ። ሐኪሙ መድኃኒት ሊጨምርበት ይችላል። እንደ ሰርትራሊን ያለውን የሚያጠቡ እናቶችም በሐኪም ትእዛዝ ይወስዱታል። ለኦሲዲ ውጤቱ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ።

በጸበሉ ከእናትህ ጋር አትጣላ። ጸበልና ሕክምና አብረው ይሄዳሉ፤ መድኃኒቱን ብቻ እንዳታቋርጥ። አንድ ነገር ግን እናትህን ለምንልኝ፦ «መንፈስ ነው» የሚለው ቃል ባለቤትህ ፊት አይነገር። ጸጸቷን እጥፍ ያደርገዋል።

ብዙ እናቶች ልጄን ይወስዱብኛል ብለው ሐሳቡን ከሐኪም ይደብቃሉ። አብረሃት ግባ። መናገር ካቃታት፣ ለእኔ የጻፍከውን ደብዳቤ ለሐኪሙ ስጠው፤ ግን አስቀድመህ እሷን አስፈቅዳት።