የመኪናው በር ከነዘረ ቻርጀር አትቀይር

ከባሕር ዳር ቀበሌ 14 አንድ አንባቢ ጽፎልኛል። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ የኤሌክትሪክ መኪናዬን የምሞላው አብሮት በመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ነው። የምሰካው ለምጣድ በተዘረጋው ሶኬት ላይ ነው። ክረምቱን ያለ ችግር ሠራ። ከጥር ወዲህ ግን ቀይ መብራት እያበራ አልሞላ አለ። ባለቤቴ እዚያ ጥግ ያሉትን አበቦች ያጠጣች ቀን ይሞላል። ኤሌክትሪሺያን አመጣሁ፤ ሶኬቱን ፈቶ አንዲት አጭር ሽቦ ጨመረበትና መሙላት ጀመረ። አሁን ደግሞ ልጆቹ የመኪናው በር ይነዝረናል ይላሉ። ምጣድ ሲበራ ይብሳል፤ አምፖሉም ይደበዝዛል። ሻጩ ‹7 ኪሎ ዋት የግድግዳ ቻርጀር ግዛ፣ ትገላገላለህ› ብሎኛል። ልግዛ?»

ወንድም ዓለም፣ ለጊዜው ምንም አትግዛ። ይህን እንዳነበብክ የቤቱን ዋና ብሬከር አውርድ። ደረቅ ጫማ አድርግ፣ የመኪናውን አካል ሳትነካ ስፒናውን ከግድግዳው ንቀል። ልጆቹን አርቅ። የቀረውን ከዚያ በኋላ አንብብ።

ግቢህን አላየሁትም። ደብዳቤህ ግን ብዙ ይናገራል። ክረምት ላይ ይሠራል፣ በጋ ሲገባ እምቢ ይላል፣ አበባ ሲጠጣ ይሠራል። ይህ የግራውንድ፣ ማለትም ቤቱን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ፣ ችግር ነው። ርጥብ አፈር ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ የደረቀ አፈር በደንብ አያሳልፍም። ቻርጀሩ ከመሙላቱ በፊት ግራውንድ መኖሩን ይፈትሻል፤ ሲያጣው ቀይ ያበራል። ስለዚህ ቻርጀርህ ጤነኛ ነው። ግራውንድ ተብሎ የተቀበረው ግማሽ ሜትር የማትሞላ የፌሮ ቁራጭ እንደሆነች እገምታለሁ። በዚህ ከተማ ስንቱን ግቢ ቆፍሬ ያገኘሁት እሷን ነው።

አጭሯ ሽቦ ደግሞ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራልን፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ፣ ከግራውንድ ጋር ያገናኘች ናት። ቻርጀሩን ለማታለል ብዙዎች ይህን ያደርጋሉ። ቻርጀሩ «ግራውንድ አገኘሁ» ብሎ ይሞላል፣ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ ሠራተኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ይህን ሥራ ጥገና ብዬ አልጠራውም። ሰው ይገድላል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የምጣዱ ነገር ነው። ምጣድ ሲበራ አምፖል የሚደበዝዘውና ንዝረቱ የሚብሰው ኒውትራሉ አንድ ቦታ ላይ ስለላላ ይመስለኛል። ምናልባት ቆጣሪው ጋ፣ ምናልባት ከምሰሶው የሚመጣው ገመድ የተቀጠለበት ቦታ።

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላስረዳ፤ ይህ የገባው ሰው ያቺን ሽቦ ዳግም አይነካትም። ኤሌክትሪክ በፌዝ መጥቶ፣ ምጣዱን አሙቆ፣ በኒውትራል ይመለሳል። መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ኒውትራል ላይ የሚኖረው ቮልቴጅ ጥቂት ነው፣ አይሰማህም። መገጣጠሚያው ሲላላ ግን የሚመለሰው ጅረት እዚያ ይታገዳል፤ ከመገጣጠሚያው ወዲህ ያለው የቤትህ ኒውትራል ሁሉ ቮልቴጁ ከፍ ይላል። ምጣዱ ብዙ ጅረት ስለሚስብ እሱ ሲበራ ይብሳል። አሁን አጭሯን ሽቦ አስባት። ኒውትራልን ከግራውንድ አገናኝታለች፤ ግራውንዱ ደግሞ በቻርጀሩ ገመድ በኩል ከመኪናው ብረት ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ኒውትራሉ ላይ የወጣው ቮልቴጅ ሁሉ በሩ ላይ ይወጣል። ልጆችህን የነዘራቸው ይኸው ነው።

አሁን ያ የላላ መገጣጠሚያ አንድ ማታ ጨርሶ ቢለቅስ? የምጣዱ ጅረት መመለሻ ያጣል። ፌዙ በምጣዱ፣ በፍሪጁ፣ በአምፖሉ በኩል አልፎ ኒውትራሉን ይሞላዋል። የመኪናው አካል 220 ቮልት ገደማ ይሆናል። ጎማው ላስቲክ ስለሆነ መኪናው ራሱ ወደ መሬት አያሳልፍም፤ በባዶ እግሩ ርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የሚነካው ሰው ያሳልፋል። ቻርጀሩ ውስጥ ያለው መከላከያ ይህን አያየውም፤ እሱ የሚያነጻጽረው በፌዝና በኒውትራል የሚያልፈውን እንጂ በግራውንድ ሽቦው የሚሄደውን አይደለም። ቻርጀሩ መሙላቱን ቢያቆምም የግራውንዱ ሽቦ እንደተያያዘ ነው። የሶኬቱን ብሬከር ብታወርድም፣ ፌዝን ብቻ የሚቆርጥ ዓይነት ከሆነ፣ ኒውትራሉ ሳይቆረጥ ይቀራል። ተሰክቶ እስካለ ድረስ አደጋው አለ። ስለዚህ፦ ኒውትራልና ግራውንድ ሶኬት ውስጥ አይገናኙም። በጭራሽ።

ወደ ሥራው። ዋናው ብሬከር እንደወረደ ሶኬቱን ፍታና አጭሯን ሽቦ አውጣ። ከዚያ የብሬከር ሳጥኑን ከፍተህ የኒውትራል ብሎኖችን አጥብቅ። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ሽፋን ካየህ ጫፉን ቆርጠህ እንደገና አስገባው። ኒውትራሉ ራሱ ኤሌክትሪክ ሊኖረው ስለሚችል ከመንካትህ በፊት በቴስተር ለካ። ከዚያ ዋናውን ብሬከር መልሰህ በፌዝና በኒውትራል መካከል ለካ፤ መጀመሪያ ምጣዱ ጠፍቶ፣ ቀጥሎ በርቶ። ልዩነቱ ከ10 ቮልት ከበለጠ የቆጣሪውንና የምሰሶውን መገጣጠሚያ ጠርጥር። ያ ያንተ ሥራ አይደለም፤ ታሽጓል፣ ኤሌክትሪኩንም አንተ ማጥፋት አትችልም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት እንዲያየው አመልክት። አሉሚኒየምና መዳብን በእጅ ጠምዝዞ በፕላስተር የጠቀለለ ሰው ካለ ያ በራሱ በቂ ምክንያት ነው። ሁለቱ ብረቶች ርጥበት ሲያገኙ መገጣጠሚያው ይበላል። ለሁለቱ ብረቶች ተብሎ የተሠራ ማያያዣ አለ፤ እሱ ይግባ።

ግራውንዱን እንደ አዲስ ሥራው። መዳብ የተለበጠ፣ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ፈልግ። ሁለት ትከል፣ በመካከላቸው 3 ሜትር ይኑር፣ በመዳብ ሽቦ አገናኛቸው። የጣራ ውኃ የሚወርድበት ወይም የምታጠጣው ጥግ ይመረጣል። በባሕር ዳር ብዙ ቦታ ትንሽ ስትቆፍር ጥቁሩን ድንጋይ ታገኛለህ፤ ዘንጉ እምቢ ካለ በመዶሻ አታጥፈው፣ ቆርጠህም አታሳጥረው። 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍርና ባዶ የመዳብ ሽቦ 10 ሜትር ያህል አጋድመህ ቅበር። ጨው አትነስንስ፤ ለጊዜው ይረዳል፣ በኋላ ግን ብረቱን ይበላዋል። ማያያዣው የሚታይበት ትንሽ ጉድጓድ ተው። ከዚያ የግራውንድ መለኪያ ያለው ባለሙያ ይለካልህ። እኔ ከ10 ኦም በታች ካልሆነ አልቀበልም፤ የሚለካውም መጋቢት ላይ፣ አፈሩ ሲደርቅ ነው። ነሐሴ ላይ ማንኛውም ግራውንድ ጥሩ ይመስላል።

ጥሩ ግራውንድ ብቻውን ግን አይበቃም። ፌዝ የመኪናውን ብረት ቢነካ፣ 10 ኦም ላይ 220 ቮልት የሚያሳልፈው 22 አምፔር ብቻ ነው። 40 አምፔር ብሬከር ይህን እንደ ማንኛውም የተሰካ ዕቃ ቆጥሮ ዝም ይለዋል። ለዚህ ነው አርሲዲ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚያመልጥ ጅረት ሲያይ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው መከላከያ፣ የግድ የሚገባው። ዓይነቱ «ኤ» ይሁን፤ ቻርጀሩ የዲሲ ፍሳሽን፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ጅረት ሲያመልጥ፣ በራሱ የማይቆጣጠር ከሆነ ደግሞ «ቢ»። ርካሹ «ኤሲ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ለመኪና አይሆንም።

አሁን ወደ 7 ኪሎ ዋቱ። ይህ ቻርጀር 32 አምፔር ይስባል፣ ለሰዓታት ሳያቋርጥ። የምጣድ መስመር ለዚህ አልተሠራም፤ እንጀራው ተጋግሮ ሲያልቅ ምጣዱ ይጠፋል፣ መኪናው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። የግድግዳ ቻርጀር ከፈለግህ ከብሬከር ሳጥኑ የራሱ መስመር ይውጣለት፦ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ፣ ርቀቱ ከ25 ሜትር ካለፈ 10፣ ፌዝንም ኒውትራልንም የሚቆርጥ 40 አምፔር ብሬከር። ገመዱን ስትገዛ ጫፉን በቢላ ፋቀው። ውስጡ ከነጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ለሻጩ መልስለት። የግራውንድ ጥርስ የሌላት የቻይና ስፒና መቀየሪያም ወደ ግቢህ አትግባ። ብዙ ሰው በእሷ ምክንያት ቻርጀሩን ሲሳደብ ሰምቻለሁ።

ደግሞስ 7 ኪሎ ዋት ያስፈልግሃል? ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሁሉም ትልቁን ቻርጀር ይጠይቃል። በ16 አምፔር፣ ማለትም 3.5 ኪሎ ዋት፣ ከማታ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ታስገባለህ። ከቀበሌ 14 መሀል ከተማ ለሚመላለስ ሰው ይህ ይተርፋል። ትልቁን ከመረጥክ ግን ምጣዱና ቻርጀሩ አንድ ላይ 48 አምፔር ይደርሳሉ። ቆጣሪህና የምሰሶው ገመድ ይህን ይችሉ እንደሆነ አስቀድመህ አገልግሎቱን ጠይቅ።

ሥራው ሲያልቅ፣ ልጆቹ ሳይጠጉ፣ መኪናውን ሰክተህ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከመኪናው ያልተቀባ ብረት፣ ሌላውን ከዘንጎቹ ራቅ ብሎ አፈር ውስጥ ከተሰካ ምስማር ጋር አድርግ። ምጣዱ በርቶም ጠፍቶም ከጥቂት ቮልት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ንቀልና ሁለቱን ቁጥሮች ጻፍልኝ። ባለሙያው ቀይ መብራቱን ለማጥፋት እንደገና ኒውትራልን ከግራውንድ ላገናኝ ካለህ ግን ካቻቪቴውን ተቀበለውና ሥራውን ለሌላ ሰው ስጥ።