ኦፕቲማል ኮንትሮል ተምሬ ማን ይቀጥረኛል?

ከቱሉ ዲምቱ የጻፍሽልን የሜካኒካል ምህንድስና ምሩቅ፣ የመመረቂያ ሥራሽ የሜካኒካል ሥርዓቶችን ኦፕቲማል ኮንትሮል (ማሽን በአቅሙ ገደብ ውስጥ ከሁሉ በተሻለ መንገድ እንዲንቀሳቀስ የሚሰጠውን ትእዛዝ) በኮምፒውተር ማስላት እንደነበር፣ ቃሉን ግን በአንድም የሥራ ማስታወቂያ ላይ እንዳላየሽው ነግረሽናል። ትተሽው ሽያጭ ትግቢ ወይስ ሁለተኛ ዲግሪ ትማሪ?

እህቴ፣ ወደፊትም አታዪውም። ቀጣሪ የሚጽፈው «የአውቶሜሽን ባለሙያ» ወይም «የጥገና መሐንዲስ» ብሎ ነው፤ በዚያ ስም አመልክቺ።

ቱሉ ዲምቱ ያለችበት አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ ክሬን ያላቸው ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ያሉበት ሰፈር ነው። በ6 ሜትር ገመድ የተንጠለጠለ ጭነት፣ ክብደቱ ምንም ይሁን ምን፣ አንድ ጊዜ ተወዛውዞ ለመመለስ 5 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። ክሬኑ በድንገት ሲቆም ሠራተኛው ጭነቱ እስኪረጋ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ክሬኑ መቼ እንደሚፈጥንና መቼ እንደሚያዘግም አስቀድሞ ቢሰላ ግን ጭነቱ ረግቶ ይደርሳል። ይህ ስሌት ያንቺ ሙያ ነው።

ከፖንትሪያጊን መርህ (ከሁሉ የተሻለው ትእዛዝ ሊያሟላው ከሚገባ የሒሳብ ሁኔታ) የሚነሳው ተዘዋዋሪ ዘዴ መምህራንን ያስደስታል፤ የመነሻ ግምቱ ትንሽ ሲስት ግን ስሌቱ አልፈታ ይላል። ለሥራ ቀጥተኛውን ዘዴ ያዢ። ጊዜውን ከፋፍይው፤ በየነጥቡ ያለውን ቦታ፣ ፍጥነትና ኃይል ያልታወቁ ቁጥሮች አድርጊ፤ የእንቅስቃሴ ሕጉንና የሞተሩን አቅም ገደብ አድርገሽ ለሶልቨር (እንዲህ ያለውን ስሌት ለሚፈታ ፕሮግራም) ስጪ። ለዚህ የሚሆኑት ካስአዲና አይፒኦፕት የተባሉ ሶፍትዌሮች ከፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጋር በነጻ ይገኛሉ፤ የሚከፈልበትን የማትላብ ሶፍትዌር ፈቃድ የሚገዛልሽ አትጠብቂ።

የጎደለሽ ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽኖችን የሚያዝ ኮምፒውተር) ይመስለኛል፤ በደብዳቤሽ አላነሳሽውም። የፋብሪካ ሞተር በአብዛኛው ትእዛዝ የሚቀበለው ከእሱ ስለሆነ፣ ካላወቅሽው ስሌትሽ ከላፕቶፕሽ አይወጣም። አጭር ሥልጠና ፈልጊ፤ ከሁለተኛ ዲግሪው ይቅደም። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኪሊንጦ፣ ደጃፍሽ ላይ ነው፤ የትም አይሄድም።

ከክሬኑ ሌላ ሁለተኛ የሥራ ናሙና ካስፈለገሽ ከሰበታ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ባቡር አስቢ። በሜዳማ ሐዲድ ላይ ኃይል ለመቆጠብ የንድፈ ሐሳቡ መልስ የታወቀ ነው፦ በሙሉ ጉልበት መነሳት፣ በቋሚ ፍጥነት መሄድ፣ ኃይል ቆርጦ በራስ ግፊት መንሸራተት፣ በመጨረሻም ፍሬን። ፕሮግራምሽ ይህንኑ ቅደም ተከተል ካወጣ በትክክል ሠርቷል ማለት ነው።

ማመልከቻሽ ላይ «ኦፕቲማል ኮንትሮል» የሚለውን ወደ ታች አውርጂው። ከላይ «የክሬን ጭነት ሳይወዛወዝ እንዲደርስ የሚያደርግ ፕሮግራም ሠርቻለሁ» ብለሽ ጻፊ፤ ከሥሩ የውዝዋዜውን ሥዕል፣ ያለ ስሌትሽና ከስሌትሽ ጋር፣ ጎን ለጎን አስቀምጪ።