መኪና መወዳደር ንግድ ይባላል ወይ?

ከደብረ ብርሃን የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ቀን ቀን የሰው ጋራዥ ውስጥ ትሠራለህ። እረፍት ስታገኝ አሮጌ ኮሮላህን አሰናድተህ አማተር ውድድር ትገባለህ። አሁን የራስህን ጋራዥ ልትከፍት ነው። ግብር ሲሰላ የውድድሩን ጎማና ቤንዚን ከጋራዡ ገቢ ላይ ተቀናሽ ማድረግ እችላለሁ ወይ ብለህ ጠየቅከኝ።

አሁን ባለው አያያዝህ አትችልም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ንግድ የሚለው ለትርፍ የሚሠራን ሥራ ነው። ለአጭር ጊዜ ቢሠራም ንግድ ነው፤ ግን ትርፍ መታሰብ አለበት። የሚቀነሰውም ገቢውን ለማግኘት የግድ የወጣ ወጪ ብቻ ነው። የግል ወጪ አይቀነስም።

አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ብዙ ሰው ፍርድ ቤት ቆሟል። እዚያ መዝገብ በወጉ ተይዟል ወይ፣ ምን ያህል ጊዜ ይሰጠዋል፣ ለደስታ ነው ወይ እየተባለ 9 ነገር ይታያል። ከ5 ዓመት 3ቱን ያተረፈ ለትርፍ እንደሚሠራ ይገመትለታል። ለፈረስ እርባታና ውድድር ከ7 ዓመት 2ቱ ይበቃል። እኛ ጋ ሕግ አይደለም፤ ራስህን ለመጠየቅ ግን ይጠቅምሃል።

የደብተርህን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። «ጎማ 4»፣ ከሥሩ «ቤንዚን»፣ ከሥሩ «ለእማዬ»። ገቢ የሚል አንድም መስመር የለም። ደረሰኝም አልያዝክም። እንዲህ ያለ ደብተር ይዘህ ግብር ቢሮ ብትቀርብ ማን ያምንሃል?

እኔን የያዘኝ ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያለፍከው ነገር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። አንተ እንደጻፍክልኝ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ለዚህ አየር ማስተካከል የቻልከው ስትወዳደር ነው። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ፍሬን እንዴት እንደሚግልም ታውቃለህ። የጭነት መኪና ሹፌር ለዚህ እውቀት ሳይከራከር ይከፍላል። ጋራዥህን በዚህ ጀምር፤ ፍሬንና የሞተር ማስተካከል።

ውድድሩን አትተው፣ እባክህ። ለብቻው ደብተር ክፈትለት። ነገ አንድ ድርጅት ከፍሎህ ስሙን ኮሮላህ ላይ ቢለጥፍ ገቢ መጣ ማለት ነውና ጥያቄው ያኔ ይለወጣል። ውሉንና ደረሰኞቹን ይዘህ የከተማውን ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል።